ጥንጓ ለምን ጎበጠች?

ከሰቆጣ ተመልሰናል። የመንገዱ አቧራ ከጫማችን ረግፏል። ሜዳ ላይ የተከናነብነው ውርደት ግን እስካሁን አልለቀቀንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን፣ አዝመራው የተነሳለት ማሳ ላይ ልጆች ገና ሲጫወቱ ደረስን። ለማታውቁ የአዲስ አበባ ልጆች (አትፈሩ፣ እኛም ከእናንተው ነን) ገና ማለት በዓሉ ብቻ አይደለም። ጨዋታውም ገና ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለው ዱላም ገና ይባላል። የምትመታዋ ድብልብል እንጨት ጥንግ ትባላለች፤ ሩር የሚሏትም አሉ። ሁለት ቡድን ሆኖ ጥንጓን እየመቱ ወደ ባላጋራ ወሰን ማሻገር ነው፤ በቃ።

ከመካከላችን አንዷ (ስሟን አንጠራም፣ ይህን ጽሑፍ የምትተይበው እሷ ነች) “ይሄማ ጎልፍ ነው!” ብላ ዱላ ተቀበለች። በዲሽ ጎልፍ አይታለች። ታይገር ዉድስን ታውቃለች። በጋዜጠኝነት ተመርቃለች። ምን ይጎድላታል? እግሯን ከፈት፣ ወገቧን ዞር አድርጋ… ጧ! ጥንጓ በቀኝ በኩል ወዳለው ቁጥቋጦ ገባች። ሳቅ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ ብልጥ ሆነችና ክንዷን ወደ ግራ እየጎተተች መታች። ጥንጓ አሁንም ወደዚያው ወደ ቀኝ ሄደች። ልጆቹ በኽምጥኛ አንድ ነገር ተባባሉና መሬት ላይ ተንከባለሉ። ምን እንዳሉ አልተተረጎመልንም፤ ባይተረጎምም ገብቶናል።

ከዚያ አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ቀረብ ብሎ ዱላዋን ያዝ አደረገና “እትዬ፣ ክንድሽን ተይው። ጥንጓ ዱላው ወዳየበት ነው የምትሄደው” አለ። በቆልማማው ጫፍ ላይ ያለውን ፊት በጣቱ ነካ አድርጎ ወደ ፊት አዞረላት። ሦስተኛዋ ምት ቀጥ ብላ ሄደች።

እኛም ዝም አልን። ዝም ያልነው ስላፈርን ብቻ አይደለም። ይህ ልጅ የተናገረውን ነገር የጎልፍ ዓለም በቅጡ ለመቀበል ብዙ አሥርት ዓመታት እንደፈጀበት ስለምናውቅ ነው።

* * *

ጎልፍ የሚጫወት ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት። “ኳሷ ለምን ትጎብጣለች?” በሉት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ “ኳሷ ዱላው በሄደበት መንገድ ትነሳለች፣ ከዚያ ፊቱ ወዳየበት ትታጠፋለች” የሚል ነው። ይህ ትምህርት ለረጅም ዘመን በአሠልጣኞች መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ሲሰጥ ኖሯል። ችግሩ ስህተት መሆኑ ነው። የፊዚክስ ሰዎች ቀደም ብለው ቢናገሩም ጆሮ የሰጣቸው ጥቂት ነበር። ቴዎዶር ዮርገንሰን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ጎልፍ ፊዚክስ ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን በሥዕል አስቀምጦታል። ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ የተመሠረተው ትራክማን የተባለ ኩባንያ፣ ልክ የትራፊክ ፖሊስ የመኪና ፍጥነት እንደሚለካበት ዓይነት ራዳር ይዞ ሜዳ ገባ። ራዳሩ የኳሷንም የዱላውንም መንገድ ለካ። ክርክሩ ያኔ አበቃ።

እውነቱ ይህ ነው። ዱላና ኳስ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ይወስናል። አንደኛው የዱላው ፊት ወዴት ያያል የሚለው ነው። ሁለተኛው ዱላው ራሱ ወዴት እየተጓዘ ነው የሚለው ነው። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ነው፤ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል፣ በትልቁ ዱላ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ። ጉብጠቱን የሚወስነው ግን በፊቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፊቱና መንገዱ አንድ ቦታ ካዩ ኳሷ ቀጥ ትላለች። ፊቱ ከመንገዱ ወደ ቀኝ ካየ ዱላው ኳሷን እየፋቀ ያልፋልና ከላይ ለሚያያት ሰው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ትሽከረከራለች። የምትሽከረከር ኳስ ደግሞ አየሩን ይዛ ትዞራለች፤ አየሩን ወደ ግራ ትገፋዋለች፣ አየሩም እሷን ወደ ቀኝ ይገፋታል። ይህን ግፊት ጀርመናዊው ጉስታቭ ማግነስ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ስላጠናው በስሙ ይጠራል። ኒውተን ግን በ1672 እ.ኤ.አ. ስለ ብርሃን በጻፈው ደብዳቤ ላይ በራኬት የተመታች የቴኒስ ኳስ ስትጎብጥ ማየቱን አንስቷል። ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ላይ ያገባት ያቺ ጉድ ቅጣት ምትም የዚሁ ሕግ ልጅ ናት።

አሁን የእኛዋን ሁለተኛ ሙከራ በጎልፍ ቁጥር እንየው። ዱላችሁ ከዒላማው 6 ዲግሪ ወደ ግራ ይጓዛል እንበል፤ ፊቱ ደግሞ 2 ዲግሪ ወደ ግራ ያያል። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ነው። ኳሷ ትንሽ ወደ ግራ ተነስታ ወደ ቀኝ ትጎብጣለች። ጀማሪው ይናደዳል። “ወደ ቀኝ ሄደች! እንግዲያው የበለጠ ወደ ግራ ልምታ” ይላል። ፊቱን ሳይነካ መንገዱን ወደ 10 ዲግሪ ያመጣዋል። ልዩነቱ 8 ሆነ፤ ጉብጠቱም እጥፍ ገደማ ሆነ። እሱም የባሰ ይናደዳል፣ የባሰ ወደ ግራ ይመታል… እንዲህ እያለ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ይህን ሰው በደንብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

* * *

“ቆይ ቆይ፣ ጥንግ እኮ የጎልፍ ኳስ አይደለችም!” የሚል ብልህ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ልክ ነህ ወንድማችን። የጎልፍ ኳስ ከ45.93 ግራም አትበልጥም፣ ገላዋ በትንንሽ ጉድጓዶች የተበሳሳ ነው፣ አየር ላይም ረጅም ጊዜ ትቆያለች። ጥንግ አብዛኛውን መንገዷን መሬት ለመሬት ነው የምትጓዘው። ስለዚህ የአየሩ ጉብጠት በእሷ ላይ ትንሽ ነው፤ የበለጠ የሚያጣምማት ድንጋይና ጉብታ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ግን ለሁለቱም ያው ነው፤ ፊቱ ያየበት ትነሳለች። እንዲያውም የገና ዱላ ይከብዳል። የጎልፍ ዱላ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ የት እንደሚያይ በዓይን ይታያል። የገና ዱላ ግን ድብልብል እንጨት ነው። ፊቱ ማለት ጥንጓ የነካችው ነጥብ ነው። ነጥቡ በጣት ስፋት ከተዛነፈ አቅጣጫውም አብሮ ይዛነፋል። ይህን በሩጫ ላይ፣ ዙሪያውን ዱላ እየተወናጨፈ የሚያስተካክል የአሥር ዓመት ልጅ ምን ያህል ጂኦሜትሪ በእጁ እንደያዘ አስቡት እስቲ።

ሌላም አለ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሚገፋው አየር ሲሳሳ የምትሽከረከር ኳስ ጉብጠቷ ይቀንሳል፣ ርቀቷ ይጨምራል። እንግዲህ አንዱን ምት ጅቡቲ ወደብ ላይና ዋግ ደጋ ላይ ብትመቱት ሁለት የተለያየ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ለፊዚክስ ክፍል ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አለ? የሰቆጣ ልጅ ጥያቄውን የሚኖርበት ከፍታ ራሱ ሰጥቶታል።

* * *

አሁን ወደ ጠባችን እንግባ።

ጎልፍን “ሳይንስ ያለው ስፖርት”፣ ገናን “ባህላዊ ጨዋታ” ያደረገው ማነው? ፊዚክሱ አይደለም፤ ፊዚክሱን አሁን አየነው። ልዩነቱን የፈጠረው የተማረው ሰው ማንን ዝቅ ብሎ እንዳየና ማንን እንደናቀ ነው።

ስኮትላንዶችን ተመልከቱ። ጎልፍን እረኞች ጠጠር በበትር ሲመቱ ጀመሩት የሚል ተረት አላቸው። እኛም ገናን የቤተልሔም እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱት እንላለን። እዚህ ድረስ እኩል ነን። በ1457 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍን ሕዝቡን ከቀስት ልምምድ አዘናጋ ብሎ ከልክሎት ነበር። በኋላ ግን ፒተር ጉትሪ ቴይት የተባለ የኤዲንብራ ፕሮፌሰር መጣ። ልጁ ፍሬዲ ጎልፍ ተጫዋች ነበር፤ የብሪታንያን የአማተሮች ውድድር በ1896 እና በ1898 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። አባትየው “የሰፈር ጨዋታ ነው” ብሎ አልናቀውም። ቁጭ ብሎ አሰላ፤ ኳሷ አየር ላይ የምትቆየው ወደ ኋላ ስለምትሽከረከር መሆኑን አሳየ። ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ. ጄ. ቶምሰን ሳይቀር በ1910 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ስለ ጎልፍ ኳስ አካሄድ ንግግር አድርጓል። የኖቤል ተሸላሚ! ስለ ጎልፍ ኳስ!

የእኛስ ምሁር? ገናን የሚያስታውሰው በታኅሣሥ 29 የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ነው። ነጭ የለበሱ ሰዎች በዝግታ ዱላ ያወዛውዛሉ፣ ጋዜጠኛዋ (እኛን መሰሏ) “ይህ ድንቅ ባህላችን ለትውልድ መተላለፍ አለበት” ትላለች፣ ከዚያ ወደ ዶሮ ወጡ። ምኑ ነው የሚተላለፈው? ነጭ ልብሱ? በገና ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል መሆናቸውን፣ የተመታ ሹም እንደማይቆጣ ስንተርክ ኖረናል። ልጁ ሜዳው ላይ የሚያውቀውን ነገር ዕውቀት ብሎ የጠራው ሰው ግን አልገጠመንም።

እኛ ፊዚክስ የተማርንበትን ክፍል እናስታውሳለን። የተወነጨፈ ነገር ጎዳና የሚባል ምዕራፍ ነበር። የሚወነጨፈው የመድፍ ጥይት ነው። መድፉን ማናችንም አላየነውም፤ ቀመሩን ግን ሸመደድነው። ውጭ ሜዳው ላይ ኳስ ነበረች፣ ድንጋይ ነበረ፣ ወንጭፍ የሚያውቅ ከገጠር የመጣ ተማሪ እንኳ ነበረ። አንድም ቀን ወጥተን አልወረወርንም። በፈተናው ጥሩ አመጣን፤ ሰቆጣ ሄደን ግን ሦስት ጊዜ ለመምታት የልጅ እርዳታ አስፈለገን። በዚህ ማፈር የሚገባው ማነው?

* * *

አሁን ያንን ወደ ግራ እየመታ ዕድሜውን የሚጨርሰውን ጎልፈኛ አምጡት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። አገር ደነገጠ። ምን አደረግን? ተጨማሪ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ተጨማሪ የሞዴል ፈተና፣ ተጨማሪ ሽምደዳ። ኳሷ ወደ ቀኝ ጎበጠች፤ እኛም ክንዳችንን የበለጠ ወደ ግራ ጎተትን። ፊቱን የነካው የለም! ፊቱ ማለት ልጁ ትምህርቱን ከምን ጋር እያያዘ ያያል የሚለው ነው። ያንን ሳያስተካክሉ ጉልበት መጨመር ጉብጠቱን ነው የሚያባብሰው።

“ጥንግ ክፍል ውስጥ ስለገባ ነው ተማሪ የሚያልፈው?” አትበሉን። እንደዚያ አላልንም። መምህር ያስፈልጋል፣ መጽሐፍ ያስፈልጋል፣ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። እኛ የምንለው፣ ቤተ ሙከራ እስኪሠራ ድረስ ሜዳ ላይ ያለውን ቤተ ሙከራ መዝጋት ድድብና ነው። ዱላው የወይራ እንጨት ነው፣ ጥንጓ በቢላ ትጠረባለች፣ ሜዳው አለ። ገመድ ዘርግታችሁ ዒላማ ሥሩ፣ መሬቱ ላይ በአመድ መስመር አስምሩ፣ ዱላውን አንዴ ፊቱን አዙራችሁ፣ አንዴ መንገዱን ብቻ ቀይራችሁ ሃያ ሃያ ጊዜ ምቱ፣ ጻፉ። ተማሪው ማዕዘን፣ አማካይ፣ የመለኪያ ስህተት የሚባሉትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማራል። ወጪው ሁለት ጀሪካን ውኃ ለሚጠማቸው ልጆች ነው።

* * *

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የመጣው ግን አብራን ከሄደች ጓደኛችን ነው። በመመለሻው መንገድ ላይ “እናንተ ስለ ኳስ ጉብጠት ታወራላችሁ፤ ዋግ እኮ የሚበላ የጠፋበት አገር ነው” አለችን። አውቶቡሱ ውስጥ ጸጥ አልን።

ልክ ናት። ዋግን በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተመቱት መካከል ነው የምናውቀው። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ጦርነት ገብቶበት ሰዉ ተፈናቅሏል፣ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ብሎ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ የዚችን ከተማ ስም ነው የወሰደው። ቃል ኪዳኑ ይከበር፤ ከልባችን ነው። የተቀነጨረ ልጅ የሚጎዳው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ አእምሮውም ጭምር ነው። ለዚህ ነው ምግቡና ፊዚክሱ ጠላቶች ያልሆኑት። ያ ቃል ኪዳን ልጁ እንዲያስብ ካልሆነ ለምን ይመገባል?

ቅር የሚለን ሌላ ነገር ነው። ሰቆጣ በአዲስ አበባ አፍ የሚነሳው ከረሃብ ጋር ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂዎቹ ሩቅ አይደሉም፤ እኛ ጋዜጠኞች ነን። ዋግ ስንሄድ ካሜራችን የሚፈልገው የከሳ ሕፃን ነው። የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ በአጠገቧ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ያላት ከተማ ናት። ዓለትን ከላይ እስከ ታች እየፈለፈለ አምድና ቅስት ያወጣ እጅ፣ መሮው ወዴት እንደሚያይ ሳያውቅ ነው የሠራው? አንድ ምት ቢዛነፍ መመለሻ የለውም እኮ! የዚያ ሕዝብ ልጅ ነው ዱላው የሚያይበትን ያስተማረን። እሱን “ተረጂ” ከማለት ሌላ ስም ካጣንለት ጉድለቱ የእኛ ነው። እኛም ይህን የምንጽፈው ከሦስት ምት በኋላ ነው፤ ባንሳት ኖሮ ምናልባት የተለመደውን ዜና ይዘን እንመለስ ነበር።

* * *

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ አንድ ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ አውሉት። መጽሐፍ አዘጋጆች ሆይ፣ ከመድፉ ጎን አንዲት ጥንግ ሳሉ፤ በኽምጥኛ ለሚማረው ሕፃንም በራሱ ቃል ንገሩት። የባህል ስፖርት ሰዎች ሆይ፣ ገና፣ ትግል፣ ገበጣ እያላችሁ ውድድር ታዘጋጃላችሁ፤ እሰየው፤ ግን ውጤቱን ብቻ ሳይሆን አመታቱንም መዝግቡ። እናንተ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ በጎልፍ ሜዳ አጥር ሥር ያደጋችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ውጡና ዱላ ተቀበሉ። ክንዳችሁን ሳይሆን ፊቱን አዙሩ።

ስናመሰግነው ለዚያ ልጅ “ይህን ማን አስተማረህ?” አልነው። ግራ ገባው። “ማንም። ስስት ስስት ነው ያወቅሁት” አለና ወደ ጨዋታው ሮጠ።

ቸር ይግጠመን!